ዶሮቲን ያንኳኳንባቸው ዓመታት

ባለፈው ዓርብ የመሣሪያ ሳጥኔን እዚህ አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ አመጣሁት። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት የጀልባ ጥገና ግቢ ተሽጧል፤ አፓርትመንት ሊሠራበት ነው። ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡስ ጋራዥ እገባለሁ። ደመወዙ ይሻላል፤ ኢንሹራንሱም ጥሩ ነው ይላሉ። ሳጥኑን ከመኪና አውርጄ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩት። እስካሁን አልከፈትኩትም። ውስጡ የወንድሜ መዶሻ አለ።

በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ስለ ሥራ ዘመኔ መጻፍ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን የሚጽፍ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሥራው አልቋል፤ ሥራውን ያስተማረኝም ሰው የለም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ወንድሜ ሙሉቀን ይባላል፤ እኔ ይሁኔ። በዐሥራ ስድስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነበር የምለው። ባሕር ዳር አባታችን ሲሞት እኔ ገና መራመድ አልጀመርኩም ነበር። አባታችን በደንገል ታንኳ ጣና ላይ እንጨት ያመላልስ ነበር፤ ጋሼ አብሮት ቀዝፏል። ማታ ማታ ታንኳዋን ከውኃ አውጥተው እንድትደርቅ ያቆሟታል። ጠዋት አባታችን ደንገሉን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ያያል። «ውኃ የጠጣ ደንገል ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው» ይለኝ ነበር ጋሼ። ከአባቴ የደረሰኝ ይህቺ ብቻ ናት፤ እሷም በጋሼ በኩል።

ጋሼ አሜሪካ እንደመጣ ፓርኪንግ ሠራ። ከዚያ በእረፍት ቀኑ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ሲንሸራሸር፣ አንድ ሰው ጀልባውን ብቻውን ለማሰር ሲታገል አየና ገመዱን ተቀብሎ አሰረለት። ሰውዬው የግቢው የድሮ አለቃ ነበሩ። በማግስቱ ሥራ ጀመረ። እኔን ሲያመጣኝ እሱ የሠራተኞቹ ኃላፊ ሆኖ ነበር። አሮጌው አለቃ ጡረታ ወጥተው በቦታቸው ሬይ የሚባል ቁጡ ሰው ገብቷል፤ ቁጡ ቢሆንም ጋሼን ያከብረው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጋሼ አንድ ትንሽ መዶሻ ሰጠኝ። ጭንቅላቷ ፕላስቲክ ነው። የአሮጌ ጀልባ ወለል ከላይና ከታች ፋይበርግላስ ነው፤ መሐሉ ላይ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለ። በብሎን ቀዳዳ በኩል ውኃ ከገባ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ ይንኳኳል። ደረቅ ከሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ቶሎ ይመለሳል። ከረጠበ በጤፍ የተሞላ ጆንያ እንደመምታት ነው፤ ድምፁ እዚያው ይቀራል።

ስድስት ወር ሙሉ ከማንኳኳትና በብርጭቆ ወረቀት ከማሸት በቀር ሌላ ሥራ አልሰጠኝም። አንድ ስንዝር አንኳኩቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ «ምን ይላል?» ይለኛል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አምስት ጊዜ ያንኳኳል፣ አምስት ጊዜ ይጠይቃል። ስሳሳት ተሳስተሃል አይለኝም። መሰርሰሪያውን ያቀብለኝና «እንግዲያው ክፈተውና እየው» ይላል። ረጥቧል ያልኩት ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፣ የከፈትኩትን ቀዳዳ በምሳ ሰዓቴ ደፍኜ፣ አሽቼ፣ ቀለም እቀባለሁ። በዚህ ዓይነት ጆሮ ቶሎ ይከፈታል።

የጀልባ ሆድ ስናሽ ለእኔ ጭምብል ያደርግልኛል፤ እሱ አያደርግም።

«ጋሼ፣ ያንተስ?»

«ጺሜ አያስገጥመውም።»

«ተላጨዋ!»

«አንተ የራስህ ጺም ሲወጣልህ እንነጋገራለን።»

ሌሎቹ ሠራተኞች ምን እንዳለ ሳይገባቸው አብረውን ይስቁ ነበር።

ዶሮቲን ያወቅኳት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ለውድድርም ለረዥም ጉዞም ታስባ የተሠራች ባለ አንድ ምሰሶ የሸራ ጀልባ ናት። ከጋሼ በዕድሜ ትበልጣለች። ይህን ያወቀ ቀን ኮፍያውን አነሣላትና «እንግዲህ እትዬ ዶሮቲ ነው የምልሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። ባለቤቷ ሚስተር ዋልተር ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጀልባዋ የተሰየመችው በእናታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሆኖም ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ የሚደረገውን ውድድር አይቀሩም። እኛም ሁለታችን ከእሳቸው ጋር እንወጣለን።

አራት ክረምት፣ ጀልባዎች ከውኃ በሚወጡበት በበረዶው ወራት፣ ሠራንባት። የወለሏን የላይኛውን ሽፋን ቆርጠን ስናነሣ ባልሳው ቡናማ ገንፎ ሆኖ በማንኪያ የሚወጣ ነበር። ጠርገን፣ አድርቀን፣ አዲስ እንጨት አስገብተን፣ ያንኑ ሽፋን መልሰን አጣበቅነው። ጋሼ ብሎን የሚገባበትን እያንዳንዱን ቀዳዳ ከሚያስፈልገው አስፍቶ ይበሳል፤ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ይሞላዋል፤ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና በልኩ ይበሳዋል። እንዲህ ሲሆን ውኃ ቢሾልክ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይደለም። አንድ ብሎን ሁለት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ሬይ «ሙሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ የምትሠራው?» እያለ ይጮህበት ነበር። ጋሼ «ቤተ ክርስቲያን አይንሳፈፍም» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሸራ የሚጎትቱትን ገመዶች በሙሉ ወደ ኋላ፣ መሪው ወዳለበት አመጣናቸው፤ ሚስተር ዋልተር በሚያማቸው ጉልበት እስከ ምሰሶው መሄድ ቀረላቸው። ምሰሶውን የሚይዙትን የሽቦ ገመዶችም ለወጥን።

ጋሼ መጀመሪያ መሪ ያስያዘኝም ዶሮቲ ላይ ነው። ዓይኔን ሸራው ላይ ተክዬ ስቀር «ሸራውን ተወው» አለኝ። «ንፋሱ አንገትህን ነክቶ ነው ወደ ሸራው የሚሄደው። አንገትህን ጠይቀው።» አየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በላያችን ያልፋል፤ ዝናብ ከዘነበ ወንዙ ግንድ ይዞ ይመጣል፤ ድልድዩ አጠገብ ንፋሱ ሳይነግር ይዞራል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያሳየኝ እሱ ነው።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ደረስኩ።

የሽቦ ገመዶቹ የታችኛው ጫፍ ከጀልባዋ ጋር የሚያያዘው በብረት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ወለሉን አልፎ ወደ ውስጥ ይወርድና ከኮምፔርሳቶ ግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰራል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። ንፋስ ሲመታ ምሰሶውን ጎትቶ የሚይዘው ንፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ነው። ግድግዳዎቹን ግን አልለወጥናቸውም ነበር። ያለፈው ዓመት ጾም ላይ፣ ዶሮቲ ውኃ ከመግባቷ በፊት፣ ሚስተር ዋልተር ባሉበት እናያት ነበር። መግቢያው ደረጃ ላይ ቆመው ሳንድዊች አቀረቡልን።

«ጾም ነው» አላቸው ጋሼ።

«ዛሬም? እናንተ የማትጾሙት ቀን መቼ ነው?»

«እርስዎ ሳንድዊች የማይዙ ዕለት።»

እየሳቀ የቀኙን ግድግዳ አንኳኳ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ደህና ናት፤ ምንም አልሆነችም» አላቸው። ቀጥሎ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ምን ይላል?»

እኔ ሰምቻለሁ። ከታችኛው ብሎን አጠገብ ጆንያ ነው። ጋሼ ያልሰማው ጆሮው ደክሞ ስለነበር ነው። በማሸቻ ማሽን ጩኸት ስንት ዓመት! መኪና ውስጥ ራዲዮኑን ከፍ ሲያደርግ፣ ስልክ ላይ ሲጮህ አያለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም፣ እኔም አንስቼበት አላውቅም። ደህና ናት ብሎ ለባለቤቱ ተናግሯል። ሰውዬው ቆመው እያዩን ነው። ያሳደገኝን ሰው በሰው ፊት «አልሰማህም» ልበለው? በኋላ ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

ብቻችንን ሆነን ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዘን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስም አልነገርኩትም። በማግስቱም። ሳምንት ሲያልፍ ነገሩ የባሰ ከበደኝ፤ ለምን እስካሁን ዝም አልክ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

ሰኔ ላይ በአንዱ ረቡዕ ንፋሱ በረታ። ከቀኝ እየመታን በጣም ዘምመን ስንሄድ፣ ከታች እንጨት ሲቀደድ ተሰማ። ምሰሶው ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ ሊቀመጥ እንዳሰበ ሰው። ከዚያ ሸራውም ሽቦውም አንድ ላይ በግራ በኩል ውኃ ውስጥ ገባ። አንዱ ገመድ ሚስተር ዋልተርን ከመቀመጫቸው አንሥቶ ጣላቸው፤ የትከሻ አጥንታቸው ተሰበረ። ጋሼ የወደቀው ምሰሶ ጀልባዋን እንዳይበሳት መቁረጫ አንሥቶ ሽቦዎቹን ቆረጠ።

በማግስቱ ሬይ ቢሮ ሁለታችንም ቆምን። «ግድግዳውን ያየው ማን ነው?» አለ ሬይ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። «ልጁ የለበትም።»

አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ይህ ሁለተኛው ነው።

ሬይ የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለው። ከኃላፊነት አወረደውና የጀልባ ሆድ ማሸት ላይ መደበው። የዚህን አገር በጋ ሙሉ ከቀለሙ የሚነሣ ሰማያዊ አቧራ ለብሶ አየሁት። ቀድሞም ያስለው ነበር፤ አሁን ሳሉ በዛ። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ይሄ ነው ብለው አልነገሩንም። እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ጥቅምት ላይ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሸሚዙን አስወልቃ ከጀርባው ቆመች። የአንድ እጇን ጣት ጀርባው ላይ አስደግፋ በሌላው እጇ ጣት መታ መታ ታደርግ ጀመር። እንዲህ እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ከላይ ጥርት ያለ ነው። ወደ ታች ወረደች። በቀኝ ጥርት ያለ ነው። በግራ፣ ከጎድኑ መሐል ጀምሮ፣ ድምፁ እዚያው ቀረ።

ጋሼ የተቀመጠው ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ነበር። ዓይኔን አየና «ምን ይላል?» አለኝ።

እንደ ቀልድ ነው ያለው። ፈገግ ብሎ ነበር። ደህና ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

«ረጥቧል፣ ጋሼ» አልኩት። «በግራ፣ ታች ድረስ ረጥቧል።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። እኔም ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «የዶሮቲም ረጥቦ ነበር። የዚያን ቀን ሰምቼዋለሁ።»

ሐኪሟ መምታቷን አቁማ ሁለታችንን ታያለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አለኝ ጋሼ።

«ጋሼ ስለሆንክ።»

«ጋሼነቴ ምሰሶውን ያዘልህ?»

አለቀስኩ። ሐኪሟ ችግር አለ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ጋሼ እጁን አወዛወዘላት። «ስለ ጀልባ ነው የምናወራው» አላት። ከዚያ ሸሚዙን እየለበሰ፣ እኔን ሳያይ፣ «ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አለኝ።

ምርመራው ያንኑ አለ፤ ከዚያም የከፋ። ሳንባው ዙሪያ ያለው ውኃ ይቀዳል፣ ተመልሶ ይሞላል። ባሕር ዳር ያለችው እህታችን እታለም ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ።

«ራስህ ነገርከው? ሰው እንዲህ ተብሎ ይነገረዋል?»

«ጠየቀኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ቢጠይቅህስ! ብርድ ነው አትለውም ነበር? ትንሽ እስኪበረታ!»

በእኛ ቤት ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም። ለቀሪው ቤተሰብ ይነገራል፤ በሽተኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚያውቀው፣ ወይም ሳያውቅ ይሄዳል። እታለም ጋሼ እስኪሞት ድረስ አላነጋገረችኝም። አልፈረድኩባትም።

ዶሮቲ ምሰሶ አልባ ሆና ግቢው ጥግ በላስቲክ ድንኳን ውስጥ ቆማ ነበር። ሚስተር ዋልተር ሊሸጧት አልፈለጉም። ጋሼ ኅዳር ላይ ሄዶ «ግድግዳዎቿን እኔ ልሥራልዎት፤ የእጄን ዋጋ አልጠይቅም» አላቸው። ሐኪሞቹ ቤት ተቀመጥ ብለውታል። «ቤት ተቀምጬ የአፓርትመንቱን ግድግዳ ሳይ ከምውል የእትዬ ዶሮቲን ልይ» አለኝ። ጭምብል ለማድረግ በመጨረሻ ጺሙን ተላጨ። ከጺሙ ሥር የወጣው ፊት የአባቴ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አባቴን ግን አላስታውሰውም።

የቀኙን ግድግዳ እኔ ሠራሁ፤ እሱ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። የበሰበሰውን ስቆርጥ «ምን ይላል?» ይለኛል። «ገና ነው።» ሌላ ጣት ያህል እቆርጣለሁ። «አሁንስ?» «ገና ነው፣ ጋሼ።» አራት ጊዜ ገና ነው አልኩት፤ በአራተኛው ራሱን ነቀነቀ። የግራውን ግን ካልሠራሁ አለ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ትንሽ ይሠራል፣ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል። ግድግዳው ከጀልባዋ ጎን ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በኢፖክሲ ሞልቶ፣ እንደ ሁልጊዜው በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ አስተካከለው። «ምሰሶዋ ሲቆም ጥሩኝ» አለ። ከጥምቀት በኋላ በአምስተኛው ቀን አረፈ።

ሚስተር ዋልተር ለቅሶ ቤት መጡ። እንደ ሌላው ሰው ወንበር ይዘው ሦስት ቀን ተመላለሱ። እንጀራውን በሁለት እጅ ነበር የሚቆርሱት፤ ማንም አልሳቀባቸውም።

ብርዱ ሲያልፍ፣ በጸደይ፣ ግቢው መሸጡን ሰማን። ጀልባ አንሥቶ ውኃ የሚያስገባው ማሽን ከግቢው የሚሄድበት ቀን ተቆርጧል፤ ዶሮቲ ከዚያ በፊት ካልገባች በጭነት መኪና ወደ ሌላ ቦታ ትወሰዳለች። የቀኙን ግድግዳ አንኳኳሁ። ጥርት ያለ ነው። ወደ ግራው አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ፈለግኩ፤ ገመድ ጠቀለልኩ፣ የገመድ መጎተቻውን ቅባት ቀባሁ። የጋሼ እጅ ያለበት ነው፤ ማን ነኝ እኔ የእሱን ሥራ የምፈትን?

ሚስተር ዋልተር ደረጃው ላይ ቆመው ያዩኛል። ያን ሁሉ ዓመት ሲሰሙት የኖሩትን ቃል በራሳቸው አነጋገር አወጡት። «ይሁኔ፣ ሚን ይላል?»

መዶሻውን አነሣሁ። ከላይ ደህና ነው። መሐል ደህና ነው። ታች፣ ጥጉ አጠገብ፣ ድምፁ ቀረ። ደግሜ መታሁ። እንጨቱ ሳይደርቅ ነው የሸፈነው። ጋሼ ይህን በጤናው አያደርግም ነበር፤ ጆሮው አልሰማለትም፣ ትንፋሹም አልጠበቀውም። ያኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ከጨረሰ በኋላ አንኳኩቼ አላየሁለትም።

ሬይ መጣ። «የሙሉ ሥራ ነው እኮ» አለኝ፤ አልጮኸም። «ተወው። ጊዜም የለንም።»

«የእሱ ሥራ ነው» አልኩ። «ግን ረጥቧል።»

ሚስተር ዋልተር የተሰበረ ትከሻቸውን አሸት አደረጉና «ክፈተውና እየው» አሉ።

ከፈትኩት። እንጨቱ ጥቁር ነበር። ጋሼ በአውራ ጣቱ የሳበውን ጥግ ቆርጬ ሳወጣ ስንዝር የሚያህል ቁራጭ ሆኖ ወጣ። የጣቱ ስፋት እንዳለ አለበት። ኪሴ ከተትኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። በማሞቂያ አደረቅኩ፣ አዲስ እንጨት አስገባሁ፣ ጥጉን ሞላሁ፣ በራሴ አውራ ጣት ሳብኩት። የእኔ ጣት ከእሱ ይቀጥናል። ማሽኑ ከመሄዱ ከሁለት ቀን በፊት ዶሮቲ ውኃ ገባች፤ ምሰሶዋም ቆመ። ጥሩኝ ያለን ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሚስተር ዋልተርና እኔ ይዘናት ወጣን። መሪውን ሊሰጡኝ ነበር፤ ውስጥ መሆን እፈልጋለሁ አልኳቸው። ድልድዩን ስናልፍ ንፋሱ ዞሮ ከግራ መጣ፤ ዶሮቲ ወደ ቀኝ ዘመመች፣ የምሰሶው ጉተታ ሁሉ በግራው ግድግዳ ላይ አረፈ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ መዳፌን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። ሽቦው ሲወጠር በእጄ ይሰማኛል። መዶሻውን አወጣሁና ታች፣ ጥጉ ዘንድ፣ ሦስት ጊዜ መታሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተመለሰ።

ከላይ ሚስተር ዋልተር «ሚን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጋሼ ጆሮው ስለማይሰማ።